ጂፕሰምን መፍጨትና ማንከባለል፦ ከጎሃ ጽዮን ገደል እስከ ማሳና ፋብሪካ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ላይ ገደሉን ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ነጭና ግራጫ ሆነው የተነባበሩ ድንጋዮችን ያያል። ጂፕሰሙ፣ ማለትም ጄሶ የሚሠራበት ለስላሳ ድንጋይ፣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ንብብሩን በከተማዋ ስም የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን ይሉታል። የጁራሲክ ዘመን ደለል ነው፤ ውፍረቱ 450 ሜትር ግድም ይደርሳል። ከላዩ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ጂፕሰሙ ግን ለብቻው አልተነጠፈም። ከዶሎማይት (የኖራ ድንጋይ ዘመድ)፣ ከማርል (ኖራ የተቀላቀለበት ሸክላ) እና ከሸክላማ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ ነው የተቀመጠው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ድንጋይ ስንመርጥ ያስፈልገናል።

ድንጋዩን እንደወጣ ጭኖ መሸጥ ቀላል ነው። ግን ከባድና ርካሽ ዕቃ ስለሆነ አብዛኛው ገንዘብ ለመኪና ኪራይ ይሄዳል። ዋጋ የሚጨምሩለት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መጠኑና ሙቀቱ። ምን ያህል አደቀቃችሁት? ምን ያህልስ አሞቃችሁት? እነዚህን ሁለት ነገሮች በደንብ የያዘ ማኅበር ከአንድ ጉድጓድ ለሦስት ዓይነት ገዢ ማቅረብ ይችላል። ከክሬሸር (ከድንጋይ መስበሪያ ማሽን) ሥር የሚቀረው ብናኝ ሳይቀር ገንዘብ ነው። ረዘም አድርጌ የማወራውም ስለዚያ ብናኝ ነው።

መጀመሪያ ገዢያችሁን ለዩ

የመጀመሪያው ገዢ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ጥሬ ዕቃ፣ ብቻውን ተፈጭቶ ውኃ ቢነካው በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ ግንበኛውን ጉድ ይሠራዋል። ያንን የሚያዘገየው ጂፕሰም ነው። ስለዚህ ክሊንከሩ ሲፈጭ ከ3 እስከ 5 በመቶ ጂፕሰም አብሮ ይገባል። በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም አለው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ፣ በዚህ ስሌት በቀን ከ4,500 እስከ 7,500 ኩንታል ጂፕሰም ይፈልጋል ማለት ነው። የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካም ሩቅ አይደለም። የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈልገው ከ30 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ደረቅ ኮረት ነው። ብናኝ አይወድም፤ ማስገቢያውን ይዘጋበታል።

ሁለተኛው ገዢ የጄሶ ገበያ ነው። ለኮርኒስ፣ ለግድግዳ ልስን፣ ለትምህርት ቤት ጠመኔ። ይህ የተቃጠለ ጂፕሰም ነው።

ሦስተኛው ገበሬው ነው። ለእርሻ የሚሆነው ጂፕሰም ይፈጫል እንጂ አይቃጠልም። ዱቄቱ እንዳለ ሊበተን ይችላል። ነገር ግን እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ነፋሻ ደጋ ላይ ዱቄት የሚበትን ሰው ግማሹን ለጎረቤቱ ማሳ ይሰጣል፤ የቀረውን ደግሞ ራሱ ይተነፍሰዋል። ስለዚህ ይንከባለላል። ምስር የሚያህል እንክብል ይሠራል። እንክብሉ በእጅም በማሽንም ይበተናል፣ አይቦንም፣ ከሌላ ማዳበሪያ ጋርም ይቀላቀላል።

ፈቃድና ጉድጓድ

ሰሜን ሸዋ የሚባለው ዞን በኦሮሚያም በአማራም አለ። ድንጋዩ ያለበት መሬት በየትኛው ክልል እንደሆነ አረጋግጡና ከዚያው ወረዳ የማዕድን ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይመለከቷችኋል። ገዢ ፋብሪካም የፈቃድ ወረቀት ሳያይ ውል አይዋዋልም።

ጉድጓዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር። ከሥር እየቦረቦራችሁ አታውጡ። ጂፕሰም ለስላሳ ስለሆነ በዶማ ከሥር መፈልፈል ያጓጓል። ከላይ ያለው ሸክላማ ድንጋይ ግን ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ይንሸራተታል። የዓባይ ሸለቆ መንገድ ስንት ጊዜ በናዳ እንደተዘጋ ሹፌሮችን ጠይቁ። ከላይ ወደ ታች፣ ደረጃ እየሠራችሁ ውረዱ። ጂፕሰም ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ድንጋይ ስለሆነ ውስጡ ዋሻ ሊኖረው እንደሚችልም አትርሱ። ከባድ ማሽን ከማቆማችሁ በፊት መሬቱን ፈትሹ።

ድንጋዩን መፈተን

የጥፍር ፈተና ይቅደም። ጂፕሰም በጥፍር ይጫራል። የኖራ ድንጋይም ዶሎማይትም በጥፍር አይጫሩም። አንሃይድራይት የሚባለው የጂፕሰም ደረቅ ወንድምም አይጫርም፤ በእጅ ሲመዘንም ከጂፕሰም ይከብዳል። አንሃይድራይት ውስጡ ውኃ ስለሌለው ለጄሶ አይሆንም።

ቀጥሎ ድንጋዩን ትንሽ ፍጩና ጠንካራ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ ድንጋይ አለበት። ዶሎማይት ቀዝቃዛ አሲድ ላይ ቀስ ብሎ ስለሆነ የሚያረፋው፣ ዱቄት አድርጋችሁ ትንሽ ታገሡት። የባትሪ አሲድ አትጠቀሙ። አደገኛ ነው። ከዚያም በላይ ኖራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ እሱ ራሱ የጂፕሰም ሽፋን ስለሚሠራ ምልክቱን ይሸፍንባችኋል።

ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግራችሁ ግን ምድጃ ነው። ንጹሕ ጂፕሰም ከክብደቱ 20.9 በመቶው በድንጋዩ ውስጥ የታሰረ ውኃ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ናሙና ፍጩና ቀላቅሉ። ከአንድ ድንጋይ ብቻ የተወሰደ ናሙና ይዋሻል።
2. ዱቄቱን ፀሐይ ላይ ወይም ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት በደንብ አድርቁ። ይህ የሚያወጣው የዝናቡን እርጥበት እንጂ የድንጋዩን ውኃ አይደለም።
3. 100 ግራም በትንሽ ሚዛን መዝኑ።
4. በ230 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ በዝርግ ሰሃን ለ2 ሰዓት አቆዩት። የኬክ ምድጃም ይበቃል።
5. ሲበርድ እርጥበት ሳይስብ ቶሎ መዝኑ። የጎደለውን ግራም በ4.78 አባዙ። የምታገኙት የንጽሕናው መቶኛ ነው።

ለምሳሌ 18 ግራም ከጎደለ ድንጋያችሁ 86 በመቶ ጂፕሰም ነው። ሸክላ የበዛበት ድንጋይ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ለውል ስትቀርቡ የላቦራቶሪ ውጤት ያዙ። ፋብሪካዎች ንጽሕናውን የሚገልጹት በሰልፈር ትራይኦክሳይድ መጠን ነው። ንጹሕ ጂፕሰም 46.5 በመቶ አለው፤ የ85 በመቶው ድንጋይ 39.5 ግድም ይኖረዋል።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን እናንሣ። ንብብሩ የተፈራረቀ ስለሆነ ዛሬ ነጭ ጂፕሰም የነበረው ፊት፣ ሁለት ሜትር ገባ ሲል ዶሎማይት ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን ጉድጓዱ ላይ ነው መለየት ያለባችሁ፤ ከተፈጨ በኋላ ዶሎማይቱን መልቀም አይቻልም። ነጩን ለጄሶ፣ ግራጫውን ለሲሚንቶ፣ መካከለኛውን ለእርሻ ብላችሁ ሦስት ክምር አድርጉ። ጥፍርና ዓይን ያለው አንድ ጠንቃቃ ልጅ እዚህ ላይ ብትመድቡ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል።

መስበርና መፍጨት

ሥራውን ከጥቅምት ጀምሩ። ክረምት ላይ የረጠበ ድንጋይ ወንፊቱን በጭቃ ይዘጋል። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ከየካቲት በፊት በቂ ክምችት ከጣሪያ ሥር አስገቡ።

ድንጋዩ በጆ ክሬሸር (በብረት መንጋጋ በሚሰብር ማሽን) ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይሰበር። ከዚያ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይለፍ። ከላይ የቀረው ኮረት ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሄዳል። ከሥር የወረደው ብናኝ ወደ ሀመር ሚል (በመዶሻ የሚፈጭ ወፍጮ) ይገባል።

ለእንክብል የሚሆነው ዱቄት ደቃቅ መሆን አለበት። ቢያንስ 80 በመቶው የ0.15 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይለፍ። በጣት ሲያሹት ሻካራነቱ ጭራሽ ሊጠፋ ይገባል። ዱቄቱ ሻካራ ከሆነ እንክብሉ አይያያዝም። ቢያያዝ እንኳ አፈር ውስጥ ሲፈርስ አሸዋ የሚያህል ጂፕሰም ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ቶሎ አይሟሟም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ የሰፈሩ የእህል ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ አታስፈጩ። ሰው የሚበላው ዱቄት እዚያ ይፈጫል። ሁለተኛ፣ ወፍጮውን ያለ እረፍት አታንዱት። ብረት ሲግል ጂፕሰሙ ውኃውን መልቀቅ ይጀምራል። የሲሚንቶ ወፍጮዎች ከልክ በላይ ሲግሉ ጂፕሰሙ በከፊል ወደ ጄሶ ይለወጥና ሲሚንቶው ገና ሲቦካ ያለ ጊዜው ይጠነክራል። በእናንተም ወፍጮ ያው ነው የሚሆነው። የሚወጣው ዱቄት እጅ የማያስይዝ ትኩስ ከሆነ አቁሙና አብርዱ።

አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ጂፕሰም ራሱ መርዝ አይደለም፤ አብሮት የሚመጣው የአሸዋና የሸክላ ብናኝ ግን ሳንባ ይጎዳል። ወለሉን ከመጥረጋችሁ በፊት ውኃ እርጩበት።

ጄሶ ለማቃጠል ካሰባችሁ

እዚህ ላይ አልቆይም፤ ሰፊ ሙያ ነው። ነጩ ዱቄት በሰፊ ብረት ምጣድ ላይ እየተማሰለ ወደ 150 ዲግሪ ይሞቃል። በዚህ ጊዜ ውኃው በእንፋሎት ሲወጣ ዱቄቱ እንደሚፈላ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ፍላቱ ሲበርድ ጄሶው ደርሷል፤ አውጡት። 100 ኪሎ ንጹሕ ጂፕሰም 84 ኪሎ ጄሶ ይሰጣል። እሳቱን ካበዛችሁበትና ከ300 ዲግሪ ካለፈ ድንጋዩ ይሞታል፤ ውኃ ቢነካውም ቶሎ አይጠነክርም። ዕቃችሁ ንጹሕ ይሁን። አሮጌ የደረቀ ጄሶ የቀረበት ባልዲ አዲሱን ያለ ጊዜው ያደርቀዋል። ማዘግየት ከፈለጋችሁ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ለማገዶ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና የእንጨት ቤት ሰጋቱራ ተጠቀሙ እንጂ የተፈጥሮ ደን አትንኩ።

ማንከባለል

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ማሽኑ ያጋደለ ትልቅ የብረት ሳህን ነው። ፍቼም ሆነ ደብረ ብርሃን ያለ ጥሩ ብየዳ ቤት ይሠራዋል። 1 ሜትር ዲያሜትር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ግድም ከንፈር፣ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ሞተርና ጊር ቦክስ። ማጋደሉ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ይሁን፤ እንዲስተካከል በቡሎን ይታሰር። ፍጥነቱ በደቂቃ 22 ዙር ግድም ነው። ሳህኑ በሰፋ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ለ2 ሜትር ሳህን 15 ዙር ይበቃል። ከዚህ በላይ ካፈጠናችሁት ዱቄቱ ከሳህኑ ጋር ተጣብቆ ይዞራል እንጂ አይንከባለልም። ከሳህኑ ወለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ የቆመ መፋቂያ ብረትም ያስፈልጋል፤ ጭቃው እንዳይወፍር።

ገንዘብ ሳታወጡ መሞከር ከፈለጋችሁ የኮንክሪት ሚክሰር ተጠቀሙ። ውስጡ ያሉትን መቅዘፊያዎች ግን ፍቱ፤ እንክብሉን እየሰበሩ ያስቸግራሉ።

ማያያዣው ላይ አትቸኩሉ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

ለእርሻ ከሆነ ከስኳር ፋብሪካ የሚገኘው ሞላሰስ ጥሩ ነው። ከዱቄቱ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል። በውጭ አገር ብዙ አምራቾች ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚገኘውን ሊግኖሰልፎኔት ይጠቀማሉ። እሱም ይሠራል፤ ግን ከውጭ ማስመጣት ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ግን አትጨምሩ። እንክብሉ እንደ ጠጠር ይጠነክርና ማሳ ላይ ሳይሟሟ ይቀራል። የሚያምር ጠንካራ እንክብል ሠርቶ ለገበሬ ጠጠር መሸጥ ነውር ነው።

ብናኙን ለሲሚንቶ ፋብሪካ አንከባልላችሁ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሞላሰስ ጭራሽ አይግባ! ስኳር የሲሚንቶን መጠንከር ክፉኛ ያዘገያል። ጥቂቱ እንኳ ኮንክሪት ያበላሻል። ሊግኖሰልፎኔትም ያው ነው። ለሲሚንቶ የሚሄደውን እንክብል በውኃና ከ5 እስከ 8 በመቶ በሆነ ጄሶ አያይዙት። ጄሶው ራሱ ወደ ጂፕሰም ስለሚመለስ የገዢውን ስሌት ብዙ አይረብሽም። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠነክር ግን በትንሽ በትንሹ እያቦካችሁ ሥሩ። እንክብሉም ትልቅ ይሁን፣ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር። ሁለቱን ምርት በተለያየ ዕቃ፣ በተለያየ ቀን ሥሩ፤ ከረጢቱም ይለይ።

አሁን ለእርሻ የሚሆነውን የ10 ኪሎ ሙከራ እንሥራ።

400 ግራም ሞላሰስ በ1.3 ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጡ። አጥልላችሁ መርጫ ውስጥ ጨምሩት። የጀርባ መርጫ ይሆናል፤ ግን አዲስ ይሁን። አረም ማጥፊያ የተረጨበት መርጫ ቢታጠብም ቅሪት ይይዛል፤ ያ ቅሪት ደግሞ ሽምብራና ምስር ይገድላል።

ሳህኑን አስነሡና ሲሶውን ዱቄት ጨምሩ። በስሱ እርጩ። ጉም እንጂ ጠብታ አይሁን። ትንሽ ቆይቶ ከዱቄቱ መሐል ጥቃቅን ፍሬዎች ይወጣሉ። እነዚህ ዘሮቹ ናቸው። ከዚያ ዱቄትና ውኃ እያፈራረቃችሁ ስጡት፤ ትንሽ ዱቄት፣ ትንሽ ርጭት። ውኃው የሚያርፍበት ቦታ ወሳኝ ነው። ርጭቱ በዱቄቱ ላይ ሲያርፍ አዳዲስ ዘር ይበዛል። በፍሬዎቹ ላይ ሲያርፍ ያሉት ያድጋሉ። ይህንን ዓይናችሁ ሲለምደው መጠኑን እንደፈለጋችሁ ታዙታላችሁ።

ፍሬው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ውኃውን አቁሙ። ሳህኑ ግን 2 ወይም 3 ደቂቃ ይዙር። በዚህ ጊዜ እንክብሉ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይጠጥራል፤ ፊቱም ይለሰልሳል። ብዙ ሰው ቸኩሎ ይህችን ደቂቃ ይዘላታል፤ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ዱቄት ሆነብኝ ይላል።

እንክብሉ ሁሉ ትልልቅ ከሆነ ሳህኑን ይበልጥ አቁሙት፤ ቶሎ ይወጣል። ትንንሽ ከሆነ አጋድሙት። ድንገት እየተያያዘ ድብልብል ጭቃ ከሆነ ውኃው በዝቷል፤ ደረቅ ዱቄት በትኑበት። የሚያስፈልገው ጠቅላላ ውኃ እንደ ዱቄቱ ድቀት ከ10 እስከ 18 በመቶ መካከል ይዋዥቃል። የ1.3 ሊትሩ ቁጥር መነሻ ብቻ ነው። የየቀኑን መዝግቡ፤ ድንጋዩ ሲቀየር ውኃውም ይቀየራል።

እርጥቡን እንክብል ከጉልበት ከፍታ ብዙ ጊዜ ጣሉት። ካልተሰነጠቀ ለማድረቅ ደርሷል።

ማድረቅ፣ መንፋትና ማሸግ

ሙቀት የሚያጠፋው እዚህ ነው። ማድረቅና ማቃጠል የተለያዩ ናቸው። ለእርሻ የሚሆን እንክብል ከ60 ዲግሪ በላይ ባይሞቅ እመርጣለሁ። በትኩስ አየር ከተቃጠለ ከፊሉ ጄሶ ይሆናል። ያ ጄሶ ከረጢት ውስጥ እርጥበት ሲስብ ይጠነክራል። በሐምሌ መጋዘኑን ስትከፍቱ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ሳይሆን 50 ኪሎ ድንጋይ ይጠብቃችኋል።

ፀሐይ ነፃ ናት፤ ተጠቀሙባት። ሸራ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስጡና በቀን ጥቂት ጊዜ በእንጨት መግፊያ አገላብጡ። በረሃው ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ደጋው ላይ ጥቂት ቀን ይጨምራል። ማታ ሸፍኑት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጤዛ ቀላል አይደለም። እርጥበቱ ከ2 በመቶ በታች ሲሆን ይበቃል።

ከደረቀ በኋላ በሁለት ወንፊት ይነፋ። ከ4 ሚሊ ሜትር የበለጠው ተፈጭቶ ይመለሳል። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰው ለቀጣዩ ዙር ዘር ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም።

ከማሸጋችሁ በፊት ሁለት ፈተና አድርጉ። ጥቂት እንክብል በጠርሙስ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ናጡ፤ ዱቄት ከበዛ ማያያዣው አንሷል። ሌላውን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩ። በደቂቃዎች ውስጥ ለስልሶ፣ በማንኪያ ሲነካ መፍረስ አለበት። ካልፈረሰ ለገበሬ አትሽጡት።

ውስጡ ላስቲክ ያለው የ50 ኪሎ ከረጢት ተጠቀሙ። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ደርድሩ። ከረጢቱ ላይ የካልሲየሙንና የሰልፈሩን መቶኛ፣ ማያያዣውንም ጻፉ። ንጹሕ ጂፕሰም 23.3 በመቶ ካልሲየምና 18.6 በመቶ ሰልፈር አለው። በራሳችሁ የንጽሕና ውጤት አባዙት። የ85 በመቶ ድንጋይ 15.8 በመቶ ሰልፈር ይሰጣል።

ማሳ ላይ

እዚህ ላይ ለገበሬው እውነቱን መንገር ግዴታችን ነው። ጂፕሰም ኖራ አይደለም። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው። ግን ጂፕሰም የአፈርን አሲዳማነት አይቀንስም። አሲዳማ የሆነ የደጋ መሬት ያለው ገበሬ የሚያስፈልገው ኖራ ነው። በኖራ ፈንታ ጂፕሰም የሸጠለት ሰው የአንድ ዓመት ምርቱን ወሰደበት ማለት ነው።

ሌላም አለ። በሞረትና ጅሩ ያለው መረሬ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ያቁራል። ጂፕሰም ውኃ ያሰርጋል የሚባለውን የሰማ ሰው ለዚህ ሊገዛው ይችላል። ጂፕሰም ውኃ የሚያሰርገው አፈሩ በሶዲየም ተበክሎ ሲሆን ነው። የደጋው መረሬ ችግር ግን ሶዲየም ሳይሆን የሸክላው ብዛት ነው። ለዚያ መፍትሔው በቢቢኤም (በበሬ በሚጎተት ሰፊ መደብ ማውጫ) መደብ ሠርቶ ማጠንፈፍ ነው። እነዋሪ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? በመጀመሪያ ለሰልፈር። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኑግ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሰልፈር ይወዳሉ። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ባለሙያው ለማሳው በሄክታር 20 ኪሎ ሰልፈር ያስፈልገዋል አለ እንበል። ገበሬው 1 ኩንታል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ከጨመረ 7 ኪሎ ሰልፈር አግኝቷል። የቀረው 13 ኪሎ ነው። በ15.8 በመቶ ሲሰላ 82 ኪሎ እንክብል ማለት ነው። ኤንፒኤስ ጭራሽ ካልጨመረ 126 ኪሎ ግድም ያስፈልገዋል። ጂፕሰም ግን ናይትሮጅንም ፎስፈረስም የለውም፤ ስለዚህ ሌላውን ማዳበሪያ አይተካም። በዘር ጊዜ ተበትኖ ከአፈር ጋር ይቀላቀል። ሽንኩርት ላይ ችግኙ ከመዛወሩ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በሸዋ ሮቢትና በቀወት ዓይነት የመስኖ ቆላ ላይ ሊመጣ ይችላል። በመስኖ ብዛት ሶዲየም የተከማቸበት አፈር ሲረጥብ ይዘፈቃል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ8.5 አልፎ፣ በአፈሩ ከተያዙት ንጥረ ነገሮች ውስጥ የሶዲየሙ ድርሻ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ጂፕሰም መድኃኒቱ ነው። ካልሲየሙ ሶዲየሙን ያስለቅቀዋል፤ ውኃው ያጥበዋል። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ግን አትጀምሩ። በ100 ግራም አፈር ውስጥ 1 ሚሊ ኢኩቫለንት (የአፈር ላቦራቶሪ መለኪያ) ሶዲየም ለማስለቀቅ፣ ለ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በሄክታር 1.7 ቶን ንጹሕ ጂፕሰም፣ በ85 በመቶው ድንጋይ ደግሞ 2 ቶን ያስፈልጋል። ውኃም ይፈልጋል። 1 ሊትር ውኃ የሚያሟሟው 2.5 ግራም ጂፕሰም ብቻ ነው። 1 ቶን ለማሟሟት 400 ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው። የታጠበው ሶዲየም የሚወጣበት ቦይ ከሌለ ደግሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ለዚህ ዓይነት መሬት እንክብል አያስፈልግም። ብዛቱ በቶን ስለሆነ ዱቄቱን ነፋስ በሌለበት ማለዳ በትኖ መገልበጥ ይሻላል፤ ወጪውም ያንሳል።

ለአዲስ ገበሬ ስትሸጡ ሙሉ ማሳውን አታስሸፍኑት። ሩብ ሄክታር ካለው ግማሹ ላይ ይበትን፤ ግማሹን እንዳለ ይተወው። ዘሩ አንድ ዓይነት፣ ማዳበሪያውም አንድ ዓይነት ይሁን። በአጨዳ ጊዜ የሁለቱ ወገን ነዶ ለየብቻ ይወቃና ይመዘን። ሚዛኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውጤቱን አብራችሁ ጻፉ። ልዩነት ካልታየ ለቀጣዩ ዓመት ለዚያ ማሳ አትሽጡለት።